በሎሚ የበራ ነሐስ

የሚያብረቀርቅ ነገር ያናድደኛል። ሰው ቤት ገብቼ የተወለወለ የነሐስ ዕቃ ካየሁ ገልብጬ ሥሩን ሳላይ አላርፍም። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ታፍራለች። "ለእንግድነት ነው የመጣኸው ወይስ ለምርመራ?" ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን እሷ ሱለይን አታውቅም። እዚያ፣ በሪያድ ምሥራቅ ጫፍ፣ መጋዘንና ጋራዥ ትከሻ ለትከሻ በተጣበቁበት ሰፈር፣ ወራት ሙሉ ነሐስ ስፈትግ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ጊዜው 2005 አልቆ 2006 የገባበት ነው፤ መንግሥታቸው ለውጭ ሰው ሁሉ "ወረቀታችሁን አስተካክሉ፣ አለዚያ ውጡ" ብሎ ቀን የቆረጠበት። እኔ በእርሻ ሠራተኛነት ውል ገብቼ፣ ከአሠሪዬ ጋር ተጣልቼ ጥዬ የወጣሁ ነበርኩ። እንደኔ ያለ ሰው የሚድነው አዲስ ከፊል፣ ማለትም በስሙ የሚያሠራው ዜጋ፣ አግኝቶ የመኖሪያ ወረቀቱን፣ ኢቃማውን፣ ካወጣ ብቻ ነው። ጀራዲያ የሚባለው የሪያድ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን ስንኖር ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ስለ አገር ቤት ምግብ እንኳ ማውራት ትተን ነበር።

ሱለይ የወሰደኝ ሙያዬ ነው። አገሬ ላይ በኤሌክትሪክ ዲፕሎማ ይዣለሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ትልልቅ ድርጅቶች የጣሏቸውን አሮጌ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ሣጥኖች በጨረታ በጅምላ እየገዛ፣ አሳድሶ ይሸጣል። አብዛኞቹ ከኔ ዕድሜ ይበልጣሉ፤ ጎናቸው ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ፣ ፊታቸው ላይ ጠቋሚ መርፌ፣ አናታቸው ላይ ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት የነሐስ ብሎኖች አሏቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው። ሁለቱን ሽቦዎች ልትፈትሸው ከፈለግኸው ዕቃ ጋር ታያይዝና እጀታውን ታዞራለህ። መርፌው ከዜሮ ማዶ ባለው ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ከቀረ ዕቃው ደህና ነው። ወደ ዜሮ ከወደቀ ውስጥ ያለው ሽቦ ተልጧል፤ ሰው ይይዛል።

የነዚህ ሣጥኖች ክፉ ጠባይ ያለው እዚህ ላይ ነው። በብሎኑ ሥር ያለው ነሐስ አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፣ ኤሌክትሪኩ ከሣጥኑ አይወጣም። ካልወጣ ደግሞ መርፌው አይወድቅም። ስለዚህ የታመመ ሣጥን የሰጠኸውን ሁሉ "ደህና ነው" ይልሃል። የሚገድል ሽቦ ብትሰጠውም ደህና ነው ይላል። ማጣሪያው አንድ ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አነካክተህ ታዞራለህ። ያኔ መርፌው ዜሮ ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ሣጥኑ ራሱ ውሸታም ነው።

የሥራው አለቃ የኛው አገር ሰው ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሪያድ የኖረ፣ ሙረባዕ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ቤተሰቡን ያስቀመጠ፣ ዐረብኛው ከዐረቦቹ የሚፈጥን። ሁሉም "ሙሃንዲስ" ይለዋል፤ ኢንጂነር ማለት ነው። በምን ኢንጂነር እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። የመጣው በሾፌርነት ነው። እኔ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ የምዞረው "ያ ወለድ"፣ አንተ ልጅ፣ እየተባልኩ ስጠራ፣ የሣጥኑን መርፌ ከግድግዳ ሰዓት መርፌ የማይለየው ሰው ሙሃንዲስ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አብሮኝ የሚሠራው የጎጃም ሰው ነው፣ እኩያዬ። አገር ቤት ዲያቆን ነበር። የአንገቱን ማዕተብ ሱሪው ወገብ ውስጥ ሰፍቶት ነበር የሚሄደው። ክፍላችን ውስጥ ከሰባታችን አንዱ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዲያቆኑ እያልን ነበር የምንጠራው፣ በር ከተዘጋ በኋላ ብቻ። እሱም እንደኔ ከከፊሉ የጠፋ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ፒክአፕ ኋላ ላይ ተጭነን ሱለይ እንወርዳለን፤ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጠን ጀርባችን እየፈላ ነሐስ እንፈትጋለን።

እኔ እንደተማርኩት ነበር የማጸዳው። ብሎኑን ፈትቼ፣ ቀለበቱን አውጥቼ፣ ነሐስና ነሐስ የሚነካኩበትን ፊት በላጲስ፣ ከባሰም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። ከዚያ በአልኮል ጠርጌ አደርቀዋለሁ። የብሎኑን ራስ አልነካውም። ኤሌክትሪክ በብሎን ራስ አያልፍም፤ ለምን ልድከም? የኔ ሣጥኖች ከውጭ ሲታዩ እንደመጡት ጥቁር ነበሩ፣ ሲዞሩ ግን እውነት ይናገራሉ።

ዲያቆኑ ግን ነሐስን ከኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ደብሩ ውስጥ በዓል ሲደርስ ጽናውን፣ መስቀሉን፣ ጸናጽሉን በሎሚና በአመድ የሚፈትገው እሱ ነበር። ሱለይ አመድ ከየት ይምጣ፤ በጨው ተካው። ግማሽ ሎሚ ጨው ላይ ደፍቶ ብሎኑን ሲያሽ፣ ስንት ዓመት የጠቆረው ነሐስ በዓይንህ ፊት ወርቅ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ቀን አፌን ከፍቼ አይቻለሁ፤ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ደብሩ ውስጥ ከፍትጊያው በኋላ ዕቃው ምንጭ ወርዶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እዚህ ዲያቆኑ ውሃ አላስነካም። ኤሌክትሪክና ውሃ ጠላት ናቸው ሲባል ሰምቷል፤ ሣጥን በውሃ ማጠብ ዕብደት መስሎታል። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጎ ይተወዋል። ጨውና ሎሚው በብሎኑ ሥር ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ያንን እያየሁ ነበር፤ ግን "ነግሬው ነበር" ማለት አልችልም፣ አልነገርኩትም። ሥራው ከኔ በላይ ስለተወደደ አኩርፌ ነበር።

ሙሃንዲሱ አንድ ቀን መጥቶ የሁለታችንን ሣጥን ብርሃን ላይ አነጻጸረ።

"ሥራ ማለት ይሄ ነው!" አለ የዲያቆኑን እየደባበሰ። "ያንተ ምንድን ነው? ከከሰል ጆንያ ነው እንዴ ያወጣኸው?"

"ሙሃንዲስ፣ የብሎኑ ራስ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ሥሩ ነው" አልኩት። "ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በሥሩ ነው።"

"ደንበኛ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ያላ፣ ሎሚ ውሰድና አብራው።"

አላበራሁም። እሱም ቂሙን ያዘ። የመጋዘኑ ባለቤት "ለአንድ ሰው ቦታ አለኝ፣ ከሁለቱ የሚሻለውን በስሜ አስገባለሁ፣ አንተ ምረጥ" ሲለው ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዲፕሎማ ያለው እኔ፣ ሎሚ ያለው እሱ፤ ተመረጠ ዲያቆኑ። ያን ቀን ማታ "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት፣ እሱም አቀፈኝ፣ አለቀሰም። በሱ ላይ ቂም አልነበረኝም። በሙሃንዲሱ ላይ ግን ለሁለት የሚበቃ ነበረኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከዲያቆኑ ሣጥኖች አንዱን ቦታ ላስቀይር አንሥቼ ብሎኑን ነካ ሳደርገው አልዞር አለኝ። በጉልበት ፈታሁት። ሥሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተለጥፏል። ሁለተኛውን ፈታሁ፣ ያው ነው። አሥራ ሁለት ሣጥን አብርቶ ነበር፤ አንዳንዱ ገና ጀማሪ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከመፈተጉ በፊት ከነበረው ብሷል። የብሎኖቹ ራስ ግን አሁንም እንደ ወርቅ ያበራል።

ምሳ ላይ ለብቻችን ስንሆን "ዲያቆኑ፣ ሣጥኖችህ ከላይ ወርቅ ናቸው፣ ውስጡን ለቄስ" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ያየሁትን፣ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኩት። እጁ ላይ የነበረውን ዳቦ አስቀመጠ።

"ወንድሜ፣ ፋይሌ ጀዋዛት የሚገባው እሑድ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጀዋዛት የፓስፖርት ቢሮው ነው። "ዛሬ ይሄ ከተሰማ ባለቤቱ ስሜን ይሰርዘዋል። እስኪያልቅልኝ ብቻ ዝም በልልኝ። ወረቀቴ እጄ ከገባ አንድ በአንድ ፈትቼ አጥባቸዋለሁ። በማርያም።"

ምን ልበል? ብናገር ጀራዲያ ያለው አበሻ ሁሉ "ቦታውን ሊወስድ ወንድሙን አሳጣ" ይለኛል። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ። ልቤም ያንን ቦታ ይመኝ ነበር። እውነቱን የምናገረው ለእውነት ይሁን ለኢቃማ መለየት አቃተኝ፤ ይህ አስፈራኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሺ አልኩትና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሐሙስ አንድ ሱዳናዊ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ፒክአፓቸው ላይ መሰላል ያሰሩ። የሠራተኛ ማደሪያ ቤቶችን ኤሌክትሪክ ነው የሚጠግኑት፣ ከጀራዲያ እስከ ሙረባዕ፣ ከሦስት ሠራተኞቻቸው ጋር። ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ አራት ሣጥን ፈለጉ። ሙሃንዲሱ የኔን ጥቁሮቹን በእግሩ ገፋ አድርጎ የዲያቆኑን ደረደረላቸው።

የዚህን ጊዜ ነው የኔ ማዕረግ የሚጨምረው። ደንበኛ ሲመጣ "ያ ወለድ" መሆኔ ይቀርና ትከሻዬን አቅፎ "ይሄ ዲፕሎማ ያለው ባለሙያችን ነው" ይላል። ጠራኝ። "ፈትሽላቸው" አለኝ።

ሽቦዎቹን አነካክቼ የመጀመሪያውን አዞርኩ፤ መርፌው ወደቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ወደቀ። ገና ሙሉ ለሙሉ አልተደፈኑም ነበር። አራተኛው ላይ መርፌው ተንቀጠቀጠና ዳር ላይ ቀረ። ዲያቆኑ ጥግ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልይ ነበር መሰለኝ። በአውራ ጣቴ ሽቦውን ብሎኑ ላይ ጫን አደረግሁት። መርፌው ወደቀ። አውራ ጣቴን ሌላ ማንም አላየም።

"አኪድ?" አሉኝ ሰውዬው። እርግጠኛ ነህ ማለታቸው ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩት።

"አኪድ" አልኩ። አልበቃኝም፣ "ሚያ ሚያ" ብዬ ጨመርኩበት፤ መቶ በመቶ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሣጥኖቹን ራሴ ተሸክሜ ፒክአፓቸው ላይ ጫንኩላቸው፣ እሳቸውም "አላህ ይባርክህ" ብለውኝ ሄዱ።

የዲያቆኑ ኢቃማ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ቃሉን አላጠፈም። የወረቀቱ ቀለም ሳይደርቅ የቀሩትን ስምንት ሣጥኖች አወረደ፤ ሁለታችን ፈታን፣ ብሎኑንና ቀለበቱን በውሃ ለቅልቀን፣ በአልኮል ጠርገን፣ አድርቀን መለስናቸው። ሲያልቁ ደብዛዛ ሆኑ። ሙሃንዲሱ ገብቶ ሲያያቸው ጮኸ።

"ማን ነው ያጠቆራቸው? ሎሚው የት ሄደ?"

"ያበላሻቸው ሎሚው ነው ሙሃንዲስ፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ" አለ ዲያቆኑ። ኢቃማ ኪሱ ስላለ ነው የደፈረው የሚል ይኖራል። ይበል። ከኔ ግን ቀድሞ ተናግሯል።

እንዲገባው ብዬ፣ ሳናጸዳው ያቆየነውን አንድ ብሎን መልሼ አስሬ፣ ሽቦዎቹን አነካክቼ ፊቱ አዞርኩለት። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ብሎኑን በታጠበው ቀይሬ አዞርኩ፤ ወደቀ። ሾፌር ይሁን እንጂ ደንቆሮ አይደለም፣ ገብቶታል። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

"ለሱዳናዊው ደውልላቸው" አልኩት። "አራቱ ሣጥን ይመለስ። እነሱ ቤት ውስጥ ሰው ነው የሚኖረው።"

"የሸጥኩትን ልመልስ? እኔ ምን አገባኝ?" አለኝ። "አኪድ ያልከው አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ? ኸላስ፣ ዝጋው።"

ስልካቸውን ስጠኝ አልኩ፤ አልሰጠኝም። የልቤን ሁሉ ተናገርኩት። ሾፌር አልኩት፣ ነፍሰ ገዳይ አልኩት፣ ሌላም አልኩት፤ አንዱንም አልመልስም። በማግስቱ ፒክአፑ ጀራዲያ ሲመጣ ለኔ ቦታ የለም ተባለ። እንኳንም ቀረብኝ። ከሥራው ይልቅ ያንገበገበኝ ግን መልሱ ነበር፤ ከነውሸቱ፣ ከነሌብነቱ፣ ያ ሰው በአንድ ነገር ልክ ነበር። አኪድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ነጭ ፒክአፕ ፍለጋ ወጣሁ። ሪያድ ውስጥ ነጭ ፒክአፕ መፈለግ ገብስ ውስጥ ገብስ መፈለግ ነው። መሰላል የጫነውን ሁሉ እያስቆምኩ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ወረቀት የሌለው ሰው በዚያ ወቅት አደባባይ ላይ መኪና ማስቆሙ ሞኝነት ነበር። ክፍላችን ያሉት "አብደሃል ወንድሜ፣ ቀኑ ሳይደርስ ልታስይዘን ነው" አሉኝ። ቀስ በቀስ እኔም ተውኩት። ደህና ይሆናል፣ ኢንሻአላህ፣ ማለት ጀመርኩ።

ጥቅምት ሲገባ ሙቀቱ ሰበር አለ፤ በየማደሪያው የውሃ ማሞቂያው፣ ሰኻኑ፣ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። የኛ ሰኻን ገና ሲከፈት አንዱን ሰው ነዝሮት ነበር። ቤት አከራዩን ለምነን ለምነን ጠጋኝ እልካለሁ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀን ሥራ ስመለስ ነጭ ፒክአፕ በራችን ላይ ቆሟል፤ መሰላል ታስሮበታል።

ሱዳናዊው ሣጥኑን በብብታቸው ይዘው ከመታጠቢያው ሲወጡ ተገጣጠምን። ወዲያው አወቁኝ፣ ፊታቸው በራ።

"ባለሙያው! እዚህ ነው እንዴ የምትኖረው? አይዟችሁ፣ ሰኻናችሁ ደህና ነው። ያንተው ሣጥን ነው የመሰከረላችሁ።"

ዓይኔ ሣጥኑ አናት ላይ ወደቀ። የብሎኖቹ ራስ አሁንም ያበራል። ከሥራቸው ግን ዙሪያውን አረንጓዴ ክር ወጥቷል። ከሰውዬው ጀርባ ዲያቆኑ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሳሙናውን ይዞ፣ የመታጠቢያውን በር እየገፋ ነበር። የዕለቱ የመታጠብ ተራ የሱ ነው።

"አትግባ!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ዲያቆኑ ደንግጦ ሳሙናው ከእጁ ወደቀ፤ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ወጡ።

ሣጥኑን ከሰውዬው ብብት ተቀበልኳቸው። ሽቦዎቹን አነካክቼ "ያ ዐም፣ አጎቴ፣ እርስዎ ያዙሩት" አልኳቸው። አዞሩ። መርፌው ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ደግመው አዞሩ፤ በጣም በፍጥነት። ያው ነው። አርባ ዓመት የሠሩበት ሙያ ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"በፊት በፊት ሁልጊዜ አነካክቼ ነበር የምጀምረው" አሉ ዝግ ብለው። "ይሄን ግን... ታድሷል፣ ያበራል፣ አንተም አኪድ አልከኝ። ተውኩት።"

"ያን ቀንም አውቅ ነበር" አልኳቸው። በዐረብኛ ነበር የተናገርኩት፣ አበሾቹም ሰምተዋል። "በጣቴ ደግፌ ነው ያሳየሁዎት።"

ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ለሦስቱ ሠራተኞቻቸው በየተራ ደውለው "ሣጥኑን አስቀምጥ፣ በሱ ተፈትሾ ደህና ነው የተባለ ቤት ሁሉ ዋና ማብሪያው ይጥፋ" አሉ። ሲጨርሱ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በዚያ ሣጥን ራሳቸው "ደህና ነው" ብለው ያለፏቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እየጠሩ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው፣ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው፣ የግንበኞቹ ማደሪያ፣ ሕፃናት ያሉበት የሙረባዑ ግቢ። እኔና ዲያቆኑ ፊታቸው ቆመናል፤ ሳሙናው እግራችን ሥር ወድቋል። አሥሩን ጣቶቻቸውን ጨርሰው እንደገና ከአውራ ጣታቸው ጀመሩ።